የአሥራ አራተኛው ትምህርት ስህተት

መምህርት አለምነሽ ስክሪን የሚባል ነገር አትወድም። የሚያውቋት ሁሉ ምክንያቱንም የሚያውቁ ይመስላቸዋል። ዕድሜ ነው ይላሉ፣ ዓይኗ ነው ይላሉ። አንዱም አይደለም። የፕላዝማ ቂም ነው።

ነገሩ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ያኔ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የተባለ ትልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ተቆልፎ ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት ይለቀቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ አንድ የማይታወቅ ሰው በእንግሊዝኛ ሒሳብ ማስተማር ይጀምራል። ሰውዬው የሚያሳድደው ያለ ይመስል ይሮጣል። "አሁን እናንተ ሥሩት" ይልና ተማሪው እስክሪብቶውን ሳይከፍት መልሱን ራሱ ይናገራል። በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ "ሒሳብ ማለት እሷ ናት" የተባለላት አለምነሽ ሥራዋ ሳጥኑን መክፈትና መዝጋት ሆኖ አረፈው። ሰባ ተማሪ ዓይኑን ወደ እሷ እያዞረ "ቲቸር፣ አልገባንም" ሲላት ሰውዬውን "እስቲ ቆይ" ልትለው አትችልም፤ የት አገር እንዳለ እንኳ አታውቅም። ፕላዝማዎቹ ጊዜ በልቷቸው ከተነሱ በኋላም ያ ንዴት ከሆዷ አልወጣም።

እንግዲህ ናትናኤል የመጣው እንዲህ ያለችው ሴት ዘንድ ነው። ናትናኤል ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የሚያስተምር፣ ፀጉሩን ማበጠር የሚረሳ፣ ትሑት ወጣት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሒሳብ በአማርኛ እያብራራ በቪዲዮ ቀርጾ ድረ ገጽ ላይ የሚጭን ፕሮጀክት አግኝቷል፤ መምህር ግን አላገኘም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቆሞ ሲለምን አንዱ ጥርሱን አመመው፤ ሌላው ካሜራ ፊት ላብ ያሰምጠኛል አለ፤ ሦስተኛው አበሉን ጠየቀና አበል እንደሌለ ሲሰማ ክፍለ ጊዜ እንዳለው ትዝ አለው። አለምነሽ ቀና ሳትል ፈተና ታርማለች።

"አንተ ልጅ" አለችው በመጨረሻ። "ተማሪው ካልገባው እኔን ማስቆም ይችላል?"

"በአንድ ጣት ነው እትዬ።"

"ወደ ኋላስ ሊመልሰኝ ይችላል?"

"ያሻውን ያህል ጊዜ። መቶ ጊዜ ቢመልስዎትም አይሰለቹም።"

"እኔ ድሮም ሰልችቼ አላውቅም" አለች፤ ቀዩን እስክሪብቶ ከደነችው። "መቼ ነው የምንጀምረው?"

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አርባ ትምህርት ቀረጹ። ስቱዲዮ ተብዬው የትምህርት ቤቱ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ መረቡንና የተነፈሱትን ኳሶች ወደ ጥግ ገፋ አድርገው ሰሌዳ ሰቀሉበት። የመጀመሪያው ቀን አለምነሽ ካሜራው ፊት ቆማ ቃል ሊወጣት አልቻለም። በማግስቱ ከካሜራው አጠገብ ባዶ ወንበር አስቀመጠችና "እዚህ ላይ ሒሳብ የሚጠላ ሰው ተቀምጧል" ብላ ለወንበሩ ማስተማር ጀመረች። ወንበሩን ትቆጣዋለች፣ ታባብለዋለች፣ "አሁንስ ገባህ?" ትለዋለች። ናትናኤል ሳቁን እየዋጠ ይቀርጻል። ጡረታ የምትወጣው ሐምሌ ላይ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ከጠመኔ ጋር ኖራ የምትመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሷ ቤቷ ስትገባ አርባው ትምህርት አብሯት እንዳይገባ።

ሚያዝያ ላይ ደብዳቤ መጣ። ገንዘቡን የሚሰጠው የአዲስ አበባ ድርጅት ገምጋሚ ሊልክ ነው። ደብዳቤው ለስላሳ ነው፤ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ሁልጊዜ ለስላሳ ናቸው። ፍሬ ነገሩ ግን ተጠቃሚው ቢያንስ አንድ ሺህ ካልሆነ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ ካሜራው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ቪዲዮዎቹም ከድረ ገጹ ይወርዳሉ የሚል ነበር። አለምነሽ ናትናኤልን ስንት ሰው እንዳያቸው ጠየቀችው።

"ስልሳ አንድ ጊዜ ተከፍተዋል" አላት መሬት መሬት እያየ።

"እያንዳንዳቸው?"

"የለም እትዬ። አርባውም ተደምረው። ከዚያም ውስጥ ሠላሳ ያህሉን እየሠራ መሆኑን ለማየት የከፈትኩት እኔ ነኝ። እናቴም ልታበረታታኝ ብላ አንዳንድ ጊዜ ትከፍታለች።"

አለምነሽ ቅስሟ ስብር አለ። ለባዶ ወንበር ማስተማሯ ቀልድ መስሏት ነበር፤ ለካ እውነቷን ኖሯል።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አሳ ልትገዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረደች። ጀልባዎቹ ገብተዋል፤ ሰውና አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ይጋፋል። አንዲት የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ቆሮሶ አሳ እየበለተች ለደንበኛ ታቀብላለች፤ ቢላዋዋ ከዓይን ይፈጥናል። አለምነሽ ተራዋ ደርሶ "አንድ ኪሎ" ስትል ቢላዋው ቆመ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቲቸር አለምነሽ አይደሉም?"

"ነኝ። የስንት ዓመተ ምሕረት ተማሪዬ ነሽ?"

"ክፍልዎ ገብቼ አላውቅም። ከዘጠነኛ ነው ያቋረጥኩት፤ ኋላ በማታ ቀጠልኩ። ዘንድሮ በግል ልፈተን ነው። ሐዳሳ እባላለሁ።" በቢላዋዋ ጫፍ ወደ ሚዛኑ አመለከተች። ሚዛኑን ተደግፎ በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ ቆሟል፤ ፌስታሉ ላይ የአሳ ቅርፊት ተለጥፎበታል። "እዚህ ነው ያስተማሩኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ አይዎታለሁ።"

አለምነሽ ከስልሳ አንዱ አንዷን በዓይኗ አየቻት። ልትስማት ስትል ሐዳሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

"አንድ ነገር ብልዎት አይቆጡም?"

"ምን አስቆጣኝ?"

"አሥራ አራተኛው ላይ፣ ኔጌቲቭ ሦስት ኤክስ ከአሥራ ሁለት ይበልጣል ያሉበት አለ። ሁለቱንም ወገን በኔጌቲቭ ሦስት አካፈሉ፤ ምልክቱን ግን አላዞሩትም። ኤክስ ከኔጌቲቭ አራት ያንሳል መሆን ነበረበት፤ ይበልጣል እንዳለ ቀረ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ሁለት ቀን ራሴን ስጠራጠር ከረምኩ።"

አለምነሽ ተቆጣች። በኔጌቲቭ ስታካፍል ምልክቱ ይዞራል፤ ይበልጣል የነበረው ያንሳል ይሆናል፤ ይህን ሕግ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ እየደበደበች ያስተማረች፣ ይህን ስቶ ላመጣ ተማሪ ምሕረት የማታውቅ ሴት ናት። ምልክት አላዞርሽም የምትላት አሳ የምትበልት ልጅ ትምጣባት?

"ልጄ፣ ደህና አድርገሽ እዪው" አለቻት።

"ዘጠኝ ጊዜ አይቼዋለሁ" አለች ሐዳሳ፤ በጣም በትሕትና ነው ያለችው። አንድ ኪሎውን ጠቅልላ ሰጠቻትና ከላይ አንዲት ቁራጭ መረቀችላት።

አለምነሽ ቤቷ እንደገባች አሳውን ማጠቢያው ላይ ጥላ ቪዲዮውን ከፈተች። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ናት፤ ኩራቷን ደርባ፣ ጠመኔዋን ጨብጣ፣ የተሳሳተውን ምልክት ቁልጭ አድርጋ ትጽፋለች። ያን ቀን የሆነው ትዝ አላት። ለማካፈል እጇን ስታነሳ መብራት ጠፋ። አርባ ደቂቃ ጠብቀው መብራቱ ሲመጣ ምልክቱን ያዞረችው መስሏት ከዚያው ቀጠለች፤ ናትናኤልም ሁለቱን ቀጠላቸው። ምክንያቱን ማወቋ ግን ምንም አልጠቀማትም። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

መከራው በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ሾፌር፣ ሙህዲን የሚባል ቀጭን ጎልማሳ፣ በመስተዋቱ ደጋግሞ ያያት ጀመር።

"እትዬ፣ እንዳያዝኑብኝ እንጂ አሥራ አራተኛው ትምህርት ላይ…"

"ወራጅ አለ" አለች አለምነሽ። ቤቷ ገና ሦስት ፌርማታ ይቀረው ነበር፤ በፀሐይ በእግሯ ሄደች። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቆቡን አውልቆ ሰላም ካላት በኋላ ልጁ ስለ አንድ ምልክት የምትለው ነገር እንዳለ ሊነግራት ጀመረ። ሳያበቃ ጥላው ገባችና ለናትናኤል ደወለች።

"አጥፋው። አሥራ አራተኛውን ዛሬውኑ አጥፋልኝ። የከተማው መሳቂያ ሆኛለሁ።"

"የቱ ከተማ እትዬ?" አለ ናትናኤል ግራ ገብቶት። ኮምፒዩተሩን ሲነካካ ተሰማት። "አሥራ አራተኛው እስከ ዛሬ የተከፈተው አራት ጊዜ ነው። ሁለቴ እኔ ነኝ። አንዴ እርስዎ ነዎት፣ ቅዳሜ ማታ። አንዴ እናቴ ናት።"

አለምነሽ በዝግታ "እናትህ አሳ ትሸጣለች?" አለችው።

"ኧረ እሷ ሆሳዕና ነው ያለችው።"

"እንግዲያው ቶሎ ና።"

ሁለቱም ሐዳሳ ዘንድ ወረዱ፤ ሐዳሳም እጇን ሳትታጠብ ወደ ሰኢድ ሱቅ ጠቆመቻቸው። የሰኢድ ሱቅ ወደ አሞራ ገደል በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ "ሞባይል እንጠግናለን፣ ፊልምና ሙዚቃ እንጭናለን" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት ጠባብ ቆርቆሮ ቤት ናት። ሰኢድ አለምነሽን ሲያይ ብድግ አለ፤ የራሱን መቀመጫ በእጅጌው ጠርጎ አስቀመጣት።

"እኔማ አንድ ቀን እንደሚመጡ አውቅ ነበር" አለ። "ሳላስፈቅድ ነው ያደረግሁት፣ አይፍረዱብኝ። እህቴ ተፈታኝ ናት። አርባውንም አንዴ አወረድኩላት፤ ከዚያ ጓደኞቿ መጡ። ከዚያ የጓደኞቿ ጓደኞች። ሜሞሪ እንዳይበላ መጠኑን አሳነስኩት። አሁን ፊልም ላስጫነ ሁሉ የእርስዎን ምርቃት አደርግለታለሁ።"

ኮምፒዩተሩን ወደ እሷ አዞረ። በሕንድ ፊልሞችና በቱርክ ድራማዎች መካከል "ሒሳብ እትዬ" የሚል ማኅደር ተቀምጧል።

"ለምን ከድረ ገጹ አያዩትም?" አለ ናትናኤል፤ ድምፁ የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር።

ሰኢድ በሐዘኔታ አየው። "ወንድሜ፣ በዳታ ማን ያያል? አንዱን ትምህርት ሳይጨርስ ፓኬጁ ያልቅበታል። እዚህ ግን አንዴ ከተጫነለት በቃ፣ የራሱ ነው።"

"ለስንት ሰው ጫንክ?" አለች አለምነሽ።

"ቆጥሬ አላውቅም። ከእኔ ወስደው የሚጭኑ ዘጠኝ ሱቆች አሉ፤ ከተማው ዳር ቡሹሎ ድረስም ሄዷል። ከዚያ ወዲያ ከስልክ ወደ ስልክ ይላላኩታል፤ እሱን ማን ይቆጥራል?"

ናትናኤል ራሱን ያዘ። ድረ ገጹ የሚቆጥረው የሚከፈተውን እንጂ የሚወርደውን አይደለም። ዋናው በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲቆጥር ሰዉ በጓሮ ገብቶ ቤቱን ሞልቶታል። ተደሰተ፤ ወዲያው ደግሞ ደስታው ሟሸሸ። ገምጋሚው ሐሙስ ይመጣል። የሚያምነው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ያለው ድረ ገጹ ላይ ነው። አንድ ባለሱቅ ነገረን ተብሎ ሪፖርት አይጻፍም።

"ስህተቱን ያላየ ሰው ስለ ስህተቱ ሊያወራ አይችልም" አለች አለምነሽ ድንገት።

"እንዴት ማለት እትዬ?"

"አሥራ አራተኛውን አታጥፋው ማለት። የተሳሳትኩበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ቪዲዮውን ያየ ሰው ነው። እሱን ሐሙስ ግቢያችን ውስጥ እናቁመው።"

ናትናኤል ፊቱ ተለዋወጠ። "ገምጋሚው ስህተት እንዳለው ካወቀ ጥራት የለውም ብሎ በዚያው ሊዘጋው ይችላል። ስምዎም…"

"ስሜን ለእኔ ተወው" አለችው። ይበል የሚያሰኝ አነጋገር ነበር፤ ልቧ ግን እንዲያ አልነበረም። ከሱቁ ወጥታ የሐይቁን ዳር ይዛ ብቻዋን ረጅም መንገድ ሄደች። ፈራች። እንከን አልባ ሆና ጡረታ መውጣት ትፈልግ ነበር፤ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም እንጂ በጣም ትፈልገው ነበር። ሰው "አለምነሽ እኮ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም" ሲል መስማት ትወዳለች። ይህን ይዛ ቤቷ ብትገባ አርባው ትምህርት ይቀበራል። ተመልሳ መጣችና ናትናኤልን "ቅረጸኝ" አለችው።

ቀረጻው አንድ ደቂቃ አይሞላም። "አለምነሽ ነኝ" ትላለች። "በአሥራ አራተኛው ትምህርት ተሳስቻለሁ። የቱ ጋ እንደሆነ አልነግራችሁም። ያገኛችሁ ሰዎች ስህተቱን ከነማረሚያው በወረቀት ጽፋችሁ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ትምህርት ቤታችን ግቢ አምጡልኝ። ትምህርቱ የሚቀጥለው እናንተ መኖራችሁ ሲታይ ነው። ሽልማት የለም።" ሰኢድ በዚያው ከሰዓት ለዘጠኙም ሱቆች በተነው።

በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ክፍል ስትገባ ወሬው ቆመ። ጥርሱን አሞት የነበረው መምህር "ይህን ሁሉ ዓመት የገነባሽውን ስም በገዛ እጅሽ?" አላት፤ የተቆረቆረላት መስሎ ነው። ሻይዋን ጠጥታ ወጣች።

ሐሙስ ደረሰ። ገምጋሚው አቶ ግርማ ሰዓት የሚያከብሩ፣ ጫማቸው የሚያበራ፣ በትንሹ የማይስቁ ሰው ናቸው። ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተቀምጠው ላፕቶፓቸውን ከፈቱ።

"ስልሳ ሦስት" አሉ። "ውሉ አንድ ሺህ ይላል። ከትምህርቶቹ አንዱ ስህተት እንዳለበትም ከራስዎ አንደበት ሰምቻለሁ መምህርት።"

"አለበት" አለች አለምነሽ። "እስከ ሦስት ሰዓት ይጠብቁኝ።"

ሦስት ሰዓት ሆነ። ካፊያ ይጥላል፤ በሩ ላይ ከዘበኛው በቀር ማንም የለም። ሦስት ከአምስት። ሦስት ከሩብ። ናትናኤል ወደ በሩ እየሄደ ይመለሳል። አለምነሽ ስሟንም ሰጠች፣ ትምህርቱንም ልታጣ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ግርማ ላፕቶፓቸውን ዘጉ። "አዝናለሁ" አሉ፤ የእውነት ያዘኑ ይመስላሉ። "ከሰዓት በረራ አለኝ።"

መጀመሪያ የተሰማው ጥሩምባ ነው። ቀጥሎ ሌላ ጥሩምባ። አለምነሽ ሠርግ መሰላት። ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ሲከፍት ሙህዲን ከፊት፣ ከኋላው መጨረሻው የማይታይ የባጃጅ ሰልፍ ተከትሎ ገባ። ከየባጃጁ አራት አምስት ሰው ይወርዳል፤ በእግሩ የመጣውም ከኋላ ይጎርፋል። ሐዳሳ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች ከመጀመሪያው ባጃጅ ዘላ ወረደች።

"ምን ሆናችሁ? ሦስት ሰዓት አላልኩም?" አለቻት አለምነሽ።

"ሁላችንም በጊዜው ነው የመጣነው ቲቸር። ግን ሰኢድ ሱቅ ተገናኝተን አብረን እንሂድ ተባባልን። ቡሹሎዎቹን ስንጠብቅ፣ እነሱ ደግሞ ሌላ ሰው ሲጠብቁ… ጥሎ መሄድ ደግሞ ነውር ነው።"

የሐዋሳ ሰው እንዲህ ነው። ከተማ የሚያድን ጉዳይ ቢኖረው እንኳ ብቻውን አይሄድም፤ የቀረውን ሰው ጠብቆ፣ ተጠራርቶ፣ አርፍዶ በአንድነት ይደርሳል። አለምነሽ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አላወቀችም።

ግቢው ሞላ። ከሌሊት ፈረቃ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኞች አሉ፤ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች። ከቡሹሎ አንድ መምህር ሠላሳ ስምንት ልጆች አስከትሎ መጥቷል። "የሒሳብ መምህራችን ከታኅሣሥ ጀምሮ የለም" አላት። "ስልኬን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በገመድ አንጠልጥዬ ነው የሚያዩዎት። ከኋላ ያሉት ስለማይታያቸው ሰሌዳው ላይ እኔ እገለብጥላቸዋለሁ።" አለምነሽ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

ወረቀቱ ጠረጴዛውን ሞላ። ከደብተር የተገነጠለ አለ፣ የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ የተጻፈ አለ፣ የአሳ መጠቅለያም አለ። ናትናኤል ዘጠኝ መቶ ስልሳ ድረስ ቆጠረ፤ ሰዉ ግን ገና እየገባ ስለነበር ተወው። አቶ ግርማ ከመካከል እየመዘዙ አነበቡ። ሁሉም ያንኑ ይላሉ፤ በኔጌቲቭ ሲካፈል ምልክቱ ይዞራል።

"ይህ ሊኮራረጅ ይችላል" አሉ አቶ ግርማ። ልክ ናቸው፤ ሰው ሥራውን ሲያውቅ ደስ ይላል። ጠመኔ አነሱና በረንዳው ላይ በተደገፈው ሰሌዳ ሁለት ኤክስ ከኔጌቲቭ አሥር ይበልጣል ብለው ጻፉ። ከዚያ ሕዝቡን ቃኝተው ቦት ጫማ ወዳደረገችው ሴት ጠቆሙ። "እርስዎ ይምጡና ይሥሩት።"

አለምነሽ ወጥመዱን ወዲያው አየችው። ኔጌቲቭ ባየ ቁጥር ምልክት የሚያዞር፣ በቃሉ የሸመደደ ሰው እዚህ ይወድቃል። መናገር አትችልም። ሐዳሳ ሰሌዳው ፊት ቆመች፤ ጠመኔውን እንደ ቢላዋ ያዘችው።

"ይኼ አይዞርም" አለች ሐዳሳ።

"ለምን? ኔጌቲቭ አለ እኮ" አሉ አቶ ግርማ።

"ኔጌቲቩ ወዲያ ማዶ ነው ያለው። እኛ የምናካፍለው በሁለት ነው፤ ሁለት ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። ምልክቱን የሚያዞረው የሚካፈለው ሳይሆን የምናካፍልበት ነው።" ኤክስ ከኔጌቲቭ አምስት ይበልጣል ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። "ቲቸር ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ብለውታል።"

አቶ ግርማ ሙህዲንን ጠሩት፤ ሠራ። ከቡሹሎ አንዲት ልጅ ጠሩ፤ ሠራች፤ ለእሳቸውም አብራራችላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ላፕቶፓቸውን ከፍተው ቆመው ጻፉ።

"ድረ ገጹ ስልሳ ሦስት ብሏል" አሉ። "እኔ ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ጽፌያለሁ። ፕሮጀክቱ አይዘጋም። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ትምህርቱ በሜሞሪ ተዘጋጅቶ ለሱቆች በነጻ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ፊዚክስም ኬሚስትሪም። ነገር ግን አሥራ አራተኛው እንዳለ ሆኖ አልፈርምም። አሁን ይታረም። በረራዬን አራዝመዋለሁ።"

እልልታው የግቢውን ግንብ የሚያፈርስ መሰለ። አለምነሽ ጠመኔዋን አነሳች፣ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ሁለት እርምጃ ተራመደች፣ ቆመች። ጠመኔውን ለሐዳሳ ሰጠቻት።

"ያረምሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አስተምሪው።"

"እኔ ቲቸር? እንዲህ አሳ አሳ እየሸተትኩ?"

"ካሜራው አያሸትም" አለ ናትናኤል።

ክፍሉ ሞቃት ስለሆነ በሩ ክፍት ቀረ፤ ስለዚህ ውጪው ዝም ማለት ነበረበት። ከሺህ የሚበልጥ ሰው በአንድ ትንፋሽ ጸጥ አለ። እናቶች ለልጆቻቸው ጡት አጎረሱ። ሙህዲንና ጓደኞቹ መንገዱ ላይ ወጥተው ባጃጆቻቸውን ከወዲህም ከወዲያም አጋድመው አቆሙ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አንገቱን አውጥቶ ማን እንደሚቀረጽ ጠየቀ፤ ዘፋኝ መስሎት ነበር። "ሒሳብ ነው" አለው ሙህዲን በሹክሹክታ። ሾፌሩ ጥቂት አሰበና ሞተሩን አጠፋ።

ሐዳሳ ስሟን ተናገረች። አሳ እንደምትበልት ተናገረች። ከዚያ ኔጌቲቭ ሦስት ኤክስ ከአሥራ ሁለት ይበልጣል ብላ ጻፈችና መስመር በመስመር፣ ሳትቸኩል አስረዳች። አለምነሽ ከካሜራው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማታለች። በሕይወቷ ይህን ያህል የኮራችበት ቀን አልነበረም፤ የገዛ ስህተቷ በሌላ ሰው እጅ ሲታረም እያየች።

"አሁን በኔጌቲቭ ሦስት እናካፍላለን" አለች ሐዳሳ። "ይበልጣል የነበረው…"

ቆም አለች፤ ትንፋሽ ልትወስድ ነው። በዚያች ቅጽበት ግቢው መታገሥ አቃተውና ሺውም ሰው በአንድ ድምፅ "ያንሳል" አለ።

ናትናኤል ካሜራውን ሊያቆም እጁን ሲዘረጋ አለምነሽ ያዘችው። ያ ድምፅ አልተቆረጠም። ሰኢድ ዛሬ ለሚመጣ ሁሉ የሚጭነው አሥራ አራተኛው ትምህርት ይኸው ነው፤ ሐዳሳ ጠመኔዋን አንስታ ፈገግ ስትል ይታያል።